የቀሩትን የሚቆጥር መዝገብ

የደም ግፊት በሽታ ድምፅ የለውም። ሰውየው ሥራውን እየሠራ፣ ከወዳጆቹ ጋር እየተጫወተ ሳለ ልቡን ያደክማል፤ የደም ሥሮቹንና ኩላሊቱን ይጎዳል፤ አንድ ቀን በስትሮክ ይጥለዋል። ለዚህ በሽታ የመለኪያ መሣሪያ ከጠፋ እንዳንል ኢጣሊያዊው ሪቫ ሮቺ የክንድ መጠቅለያውን እ.ኤ.አ. በ1896፣ ሩሲያዊው ኮሮትኮፍ በማዳመጫ የመለካትን ዘዴ በ1905 አበርክተዋል። ፍቱን መድኃኒቶችም አሉ። ሆኖም የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ መሠረት ግፊታቸው በቁጥጥር ሥር የሚገኘው ከአምስት ታማሚዎች የአንዱ ያህል ብቻ ነው።

ጉድለቱ ከምን መጣ? በእኛ እምነት በአብዛኛው ከክትትል ማነስ ነው። አንዲት እናት በጤና ጣቢያ ግፊታቸው 160 በ100 ሆኖ ተገኘ፤ መድኃኒትም ተሰጣቸው እንበል። ከወር በኋላ ምንም ስላላመማቸው መድኃኒቱን ተዉት። መቅረታቸውን ማን ያውቃል? የዕለቱ መዝገብ የመጡትን እንጂ የቀሩትን አይቆጥርም።

በሰሜን ካሊፎርኒያ ካይዘር ፐርማነንቴ የተባለው የጤና ተቋም ግፊታቸው የተስተካከለላቸውን ታማሚዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ከነበረበት 44 በመቶ ያህል በ2009 ወደ 80 በመቶ አድርሷል። ለዚህ የበቃው አዲስ መድኃኒት ፈልስፎ አይደለም። የታማሚዎቹን ሁሉ መዝገብ አደራጀ፤ አንድ ወጥ የሕክምና መመሪያ አወጣ፤ የየክሊኒኩን ውጤት እያነጻጸረ አሳወቀ፤ ለመለካት ብቻ የሚመጣው ሰው ሐኪም ሳይጠብቅ እንዲስተናገድ አደረገ፤ ሁለት መድኃኒቶችን በአንድ ክኒን የያዘውን አስፋፋ።

«ያ የሀብታም አገር ነው» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ መድኃኒት በሌለበት መዝገብ ብቻውን አያድንም። ስለዚህ የማይቋረጥ አቅርቦት ቀዳሚው ጉዳይ ነው። ነገር ግን የታማሚዎችን ካርድ በቀጠሮ ወር ለይቶ በሣጥን ማስቀመጥ ኮምፒዩተር አይጠይቅም። ወሩ ሲያልቅ በሣጥኑ የቀረው ካርድ ያልመጣውን ሰው ይነግረናል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ያፈራቸው ባለሙያዎች ደግሞ የዚያን ሰው ደጅ ያውቁታል።

ልኬቱም ጥንቃቄ ይሻል። ታማሚው ቡና ከጠጣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሊያልፈው፣ ጀርባውን አስደግፎ አምስት ደቂቃ ሊያርፍ፣ ክንዱም በልቡ ትክክል ሊሆን ይገባል። ከደጅ ሲሮጥ ገብቶ የተለካ ግፊት ያለ አግባብ መድኃኒት ሊያስጨምር ይችላል።

ውድ ተማሪዎች፣ ሳይንስ በቤተ ሙከራ ብቻ አይኖርም፤ በካርድ ሣጥንም ይኖራል። ወላጆቻችሁ ከጤና ጣቢያ ሲመለሱ «ስንት ሆነ?» ብላችሁ ብቻ አትለፉ፤ «ቀጠሮዎ መቼ ነው?» ብላችሁም ጠይቁ እንላለን።