መጠይቁ ከሳጉሬ ሄደ፤ መልሱስ?

ሳጉሬን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከአሰላ ወደ በቆጂ የሚወስደውን መንገድ ይዛችሁ ስትሄዱ የምታገኟት የዲገሉና ጢጆ ወረዳ ከተማ ናት። ስንዴና ገብስ አብቃይ አገር ነው። እንዲህ ያለ አገር ደግሞ መጠይቅ አያጣውም። ወጣቱ ተመራማሪ ወረቀቱን ይዞ ይመጣና “ኦቦ፣ ዘንድሮ ስንት ኩንታል አገኙ? ማዳበሪያስ ስንት ተጠቀሙ? ስንት ልጅ አለዎት?” ይላል። ገበሬው ሥራውን አቁሞ፣ በርጩማ አውጥቶ፣ የጓዳውን ሁሉ ይዘረግፍለታል። ተመራማሪው አመስግኖ ይሄዳል።

ከዚያስ?

ከዚያማ መልሱ ቁጥር ይሆናል፣ ቁጥሩ ሠንጠረዥ ይሆናል፣ ሠንጠረዡ ደግሞ በእንግሊዝኛ ተጽፎ አንድ ጆርናል ላይ ይወጣል። ጸሐፊው የማዕረግ ዕድገቱን ያገኛል። ኦቦ ግን ስለ እሳቸው ምን እንደተጻፈ ሳያውቁ ቀጣዩ ጠያቂ በር ያንኳኳል።

የምርምር ጆርናል ሥነ ምግባር ሲነሳ ብዙዎቻችን “የፕሮፌሰሮች ጉዳይ ነው” ብለን እናልፈዋለን። እኔ ግን አይደለም ባይ ነኝ። ጆርናል ላይ የሚታተም እያንዳንዱ ጽሑፍ ዕዳ ነው፤ አበዳሪው ደግሞ ሳጉሬ የተቀመጠው ገበሬ ነው። እንዴት? እስቲ በስንዴው እንጀምር። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዲገሉ የተባለው ስንዴ

በ2010 ቢጫ ዋግ የኢትዮጵያን ስንዴ ክፉኛ ጎዳው። ከዚያ በኋላ ብዙ ገበሬ ወደ አንድ ዝርያ ዞረ። ስሙ ከወረዳው ስም ጋር አንድ ነው፤ ዲገሉ። ቢጫ ዋግን ይቋቋማል ተብሎ ተዘራ፣ ተስፋፋ። ግን ከኖቬምበር 2013 እስከ ጃንዋሪ 2014 ባለው ጊዜ ሌላ መዓት መጣ። የግንድ ዋግ ባሌንና አርሲን መታ። ዲገሉ የተዘራበት ማሳ ምርቱ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ የጠፋበት ቦታ ነበር።

ተመራማሪዎች 64 ናሙና ሰበሰቡ። ከእነዚያ ውስጥ 106 የፈንገሱን ንጥል ናሙናዎች ለይተው መረመሩ። ውጤቱን በ2015 “ፋይቶፓቶሎጂ” በተባለው ጆርናል ሲያወጡ፣ ዓለም ሲፈራው የነበረው ዩጂ 99 ሳይሆን ቲኬቲቲኤፍ የተባለ ሌላ የዋግ ዓይነት ዋናው ጥፋተኛ መሆኑን አሳዩ።

ይህ ለምን ይጠቅመናል? ይህን ጽሑፍ የሚያነበው ሰው ነገ የሚቀጥለውን ዝርያ የሚያዳቅለው ነው። የትኛው ዘር የትኛውን ዋግ እንደሚችል የሚወስነው እንዲህ ያለውን ጽሑፍ አምኖ ነው። ከቁጥሮቹ አንዱ ቤት ተቀምጦ የተፈጠረ ቢሆንስ? ጽሑፉን የገመገመ ሰው ባይኖርስ? ውሸቱ ከወረቀት ወደ ዘር፣ ከዘር ወደ ማሳ ይወርዳል። ጸሐፊው የሚያጣው ነገር የለም። ገበሬው ግን የዓመት እህሉን ያጣል።

ገንዘብ ካለህ ይታተምልሃል

እኛ ጋዜጠኝነት ስንማር “አጣራ፣ ከዚያ ጻፍ” ተብለናል። ጆርናልም የራሱ ማጣሪያ አለው። ጽሑፉ ከመታተሙ በፊት በሙያው ያሉ ሌሎች ሰዎች አንብበው “ይህ ጎደለ፣ ያ አልተረጋገጠም” ይላሉ። ጆርናልን ጆርናል የሚያሰኘው ይህ ነው።

ታዲያ ማጣሪያውን ጥለው ክፍያውን ብቻ ያስቀሩ አሉ። በ2013 ጆን ቦሃነን የተባለ ጋዜጠኛ ሆን ብሎ በስሕተት የተሞላ የፈጠራ ጥናት ጽፎ ለ304 ጆርናሎች ላከ፤ 157ቱ ተቀበሉት! ውጤቱን “ሳይንስ” መጽሔት ላይ አወጣው። ሕንድ አገር ያለውን ኦሚክስ የተባለ አሳታሚ ደግሞ የአሜሪካ የፌዴራል ፍርድ ቤት ተመራማሪዎችን አታልሏል ብሎ በ2019 ከ50 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍል ወስኖበታል። ችግሩ የትንንሾቹ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በታላቁ ዋይሊ ሥር የነበረው ሂንዳዊ በ2023 ብቻ ከ8 ሺህ በላይ ጽሑፎችን ሰርዟል።

“የእኛ አገር መምህር ምን ያድርግ?” የሚል ይኖራል። ጥያቄው እውነት አለው። ደመወዙ ትንሽ ነው፣ ዕድገቱ በታተመ ጽሑፍ ይለካል፣ የታወቀ ጆርናል ወራት ያስጠብቃል፣ አንዳንዱም በዶላር ያስከፍላል። አዳኙ ጆርናል ደግሞ በሳምንት “እንኳን ደስ ያለዎ” ይላል። ግን ለድሃ አገር ጸሐፊዎች ክፍያ የሚተዉ ከባድ አሳታሚዎችም አሉ። ጽሑፍ ቆጥሮ ዕድገት የሚሰጥ ኮሚቴ ደግሞ ሳያነብ የሚቆጥር ከሆነ፣ ከአዳኙ ጆርናል በምን ይለያል?

የሰው ወርቅ አያደምቅ

ሌላው ስም ነው። ተማሪው ፀሐይ ላይ ውሎ የሰበሰበውን፣ መረጃውን ያላየ አለቃ ስሙን አናቱ ላይ ያስቀምጥበታል። “ወግ ነው” ይባላል። የዓለም አቀፍ የሕክምና ጆርናሎች አዘጋጆች ኮሚቴ ግን ደራሲ ለመባል አራት ነገር በአንድነት ይጠይቃል። በጥናቱ ሐሳብ ወይም መረጃ ላይ መሥራት፣ ጽሑፉን መጻፍ ወይም በጥልቀት ማረም፣ የመጨረሻውን ቅጂ አይቶ ማጽደቅ፣ ለተጻፈው ሁሉ ተጠያቂ መሆን። አራተኛዋን ልብ በሉልኝ። ክብሩን የወሰደ ሁሉ ሲጠየቅም አብሮ መቆም አለበት።

ቤታችን ውስጥ የነበረ ልማድ

ይህን ሁሉ ከውጭ የመጣ ሕግ አድርገን አንየው። በ1964 አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አየ። የቢልሃርዚያን አስተላላፊ የሚገድል ነገር እንደሆነ የሚያሳየው የመጀመሪያ ሪፖርቱ በ1965 የወጣው እዚሁ አገር፣ የኢትዮጵያ ሕክምና ማኅበር በሚያሳትመው ጆርናል ላይ ነው። አገር ውስጥ መታተም ውርደት አልነበረም።

ከሳጉሬም ሩቅ ሳንሄድ፣ በ1967 በስዊድን እርዳታ አሰላ ላይ የተቋቋመው ካዱ የጭላሎን ገበሬ ሊያሳድግ የመጣ ፕሮጀክት ነበር። ሆኖም የትራክተር እርሻ ሲስፋፋ ባለመሬቶች ጭሰኞችን ማስነሳት ጀመሩ። ይህን ያጠናው ሄኖክ ክፍሌ ነው፤ ጥናቱን በ1972 ያሳተመው ደግሞ ራሱ ካዱ ነው። ፕሮጀክቱ የራሱን ጉድ በራሱ ማተሚያ አወጣ ማለት ነው። የሥነ ምግባር መለኪያው ይህ ይመስለኛል፤ የማይመችህን ውጤት ታትማለህ ወይስ ትደብቃለህ?

እንግዲህ ምን ይደረግ?

የዕድገት ኮሚቴዎች መቁጠር ትተው ያንብቡ። ከአሥር ጽሑፍ ሁለቱን መርጠው ቢያነቡ ይበቃል። የአገራችን ጆርናሎች ማን ምን እንደሠራ በግልጽ ያስጽፉ፤ የተሳሳተውንም ሳያፍሩ በይፋ ይሰርዙ።

ሦስተኛው ደግሞ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። ከሰው ተጠይቆ የተሠራ ጥናት ሁሉ ግኝቱን በግማሽ ገጽ፣ ሰውዬው በሚናገርበት ቋንቋ ይጻፍ። የሳጉሬ ከሆነ በኦሮምኛ። ለቀበሌውና ለገበሬ ማሠልጠኛ ጣቢያው ይድረስ። ጆርናሉም ይህ መደረጉን ሳያረጋግጥ አያትም። ኦቦ ወረቀቱን ልጃቸውን አስነብበው “እኔ እንዲህ አላልኩም” የሚሉበት ዕድል ያግኙ። ከዚህ የበለጠ ገምጋሚ ከየት ይመጣል?

ቸር እንሰንብት!