ለልጅ ልጄ ኮምፒውተር ስገዛ

የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ገርጂ ካለው ጌም ቤት አልወጣ ስላለ፣ እቤት ይጫወት ብዬ ዴስክቶፕ ልገዛለት ተነሣሁ። ያው በጡረታ ገንዘብ ነው።

መገናኛ አንድ ሻጭ በቀይና በሰማያዊ መብራት የሚብለጨለጭ ሣጥን አሳየኝና «እማማ፣ የጌም ማለት ይሄ ነው» አለኝ። ውስጡን ስጠይቀው ተምታታበት። በሽተኛ በልብሱ ይመረመራል እንዴ?

የወሰድኩት ያገለገለ የቢሮ ዴል ነው፤ ኮር አይ 5፣ 8 ጊጋባይት ራም፣ ኤስኤስዲ ያለው። 8ኛ ጀነሬሽን መሆኑን አረጋግጫለሁ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 2018 ላይ አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከዚያ በታች ያሉትን በአብዛኛው አይቀበልም። ቀጭኑን ትቼ ትልቁን ሣጥን መረጥኩ። ቀጭኑ ውስጥ ትልቅ ግራፊክስ ካርድ አይገባም፤ ካርዱን ወደፊት እጨምርለታለሁ። እስከዚያ ማይንክራፍትና የቆዩ የኳስ ጨዋታዎች ይበቁታል።

ከመክፈሌ በፊት ግማሽ ሰዓት ጨዋታ አስከፍቼ ሣጥኑን በእጄ ዳሰስኩት። ትኩሳት ማየት ልማዴ አይደል! በተረፈው ብር ዩፒኤስ ገዛሁ፤ የሰፈራችንን መብራት ታውቁታላችሁ።

ሳሎን ነው ያስቀመጥኩት። ልጁ ጌም ቤት መሄድ ትቷል። ጓደኞቹ ግን አሁን እኛ ቤት ናቸው፤ ዳቦው አልበቃ ብሎኛል።