ቅዳሜና እሁድ፣ ዳገቱ ላይ

እስቲ የሽርሽር ሹፌሮች ልጠይቃችሁ፤ ሁላችሁም በአንድ ሰዓት ነው እንዴ የምትቀጣጠሩት? እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ የሚወጣ መኪና በዝቷል። ወር በገባ በ21 ደግሞ የእንጦጦ ማርያም ተሳላሚ ይጨመራል። ዳገት ላይ ቆም፣ ነሳ ሲባል ፍሪሲዮን ይሸታል፤ ሞተርም ይግላል። ከጎን የተቀመጠችውማ ዝም ካለች ቆየች! ጥሩምባ ደግሞ መንገድ አይከፍትም።

የሚከፋው ግን ሌላ ነው። ለማለፍ ብላችሁ ጥጉን ስትይዙ፣ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክማ ቁልቁል የምትወርደው እናት በየት ትለፍ? እሷ እኮ ፍሬን የላትም!

እኔ የምመክረው፦ ወይ በማለዳ ውጡ፣ ወይ አራት ሆናችሁ በአንድ መኪና፤ አለዚያም ሽሮ ሜዳ ድረስ በታክሲ፣ ከዚያ በእግር። ፍቅር ከሆነ ዳገቱ አይታወቃችሁም።