«አሁን ስንት ይከፈልሃል?» ለሚሏችሁ



ከመግሪብ በኋላ የሚጠይቁን ወጣቶች ሰሞኑን አንድ ነገር ያበዛሉ። ደባርቅ ሆቴል ወይም ጎንደር ሱቅ ሊቀጠሩ ሲሄዱ «አሁን ስንት ይከፈልሃል?» ይባላሉ። እውነቱን ከተናገሩ በዚያው ላይ ትንሽ ተጨምሮላቸው ይቀጠራሉ፤ አሳድገው ከተናገሩ ደግሞ ውሸት ነው።

መዋሸት አይፈቀድም፤ የመናገር ግዴታ ግን የለባችሁም። ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታል። «እሱን ባልናገር ይሻለኛል፤ እናንተ ለዚህ ሥራ የመደባችሁት ስንት ነው?» ማለት ውሸት አይደለም። በፊቅህ የኢጃራ ውል የሚጸናው ክፍያው ሲታወቅ ነው፤ ክፍያ ሲባል የአዲሱ ሥራ እንጂ የድሮው አይደለም። ነቢዩላህ ሙሳ (ዓለይሂ ሰላም) መድየን ሲደርሱ ጋብቻውም የሥራው ዘመንም አስቀድሞ ተነገራቸው፤ ስምንት ዓመት፣ አሥር ከሞሉ ከራሳቸው። በፊርዓውን ቤት ምን ያገኙ እንደነበር የሚጠይቅ ቃል በቁርኣኑ ታሪክ ውስጥ የለም።

የኛ አገር ማስታወቂያ ግን «ደመወዝ፦ በስምምነት» ይላል። አሠሪው የራሱን ደብቆ የናንተን ይጠይቃል! በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ግዛት እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2018 ጀምሮ እንዲህ ብሎ መጠየቅ በሕግ ተከልክሏል። እኛ ዘንድ ደመወዙ ወረቀት ላይ ይወጣል፦ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛው ሲለቅ ወይም ሲጠይቅ አሠሪው በነጻ የሚሰጠው ማስረጃ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን ይይዛል። አፋችሁ «8 ሺህ» ብሎ ወረቀቱ «5 ሺህ» ካለ አለቀ። ወረቀት «የሚያስተካክሉ» ሰዎች ዘንድ መሄድ ሐራምም ወንጀልም ነው፤ አትቅረቧቸው።

ወረቀቱ ከተጠየቀ አሳዩ፤ ሒሳቡን ግን ሙሉውን ተናገሩ። አዲ አርቃይ ባለሱቁ ቤት እየበላ፣ እዚያው እያደረ 4 ሺህ ብር የሚያገኝ ልጅ «4 ሺህ» ብቻ ብሎ ጎንደር በ6 ሺህ ቢገባ፣ ኪራይና ምግብ ጭማሪውን ጠርገው ይበሉታል። ምግቡና ማደሪያውም ደመወዝ ነበሩ፤ ይቆጠሩ። ግብርና 7 በመቶው የጡረታ መዋጮ ሳይቆረጥ ነው ወይስ ተቆርጦ የሚለውንም ለዩ። ደመወዛችሁ የተወሰነው ከሐምሌ 2016ቱ የብር መዳከም በፊት ከሆነ ይህንኑ ንገሯቸው።

ሠራተኛ የምትቀጥሩ ወንድሞችም (ጁሙዓ ፊተኛው ሰፍ ላይ እናያችኋለን) የልጁን የድሮ ደመወዝ ከመጠየቃችሁ በፊት የናንተን ዋጋ ንገሩት።

ወላሁ አዕለም።