እጁ የሚንቀጠቀጠውን ስናክም አፉን አንርሳ

በቢቸና ከተማ በሽምግልናቸው የታወቁ አንድ አባት ከማኅበርና ከሰርግ ከቀሩ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ምክንያታቸውን ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ስኒው ከእጄ ይፈስሳል፤ ለሃጩም ከአፌ ይወርዳል፤ በሰው ፊት ከምዋረድ ቤቴ ይሻለኛል» አሉኝ። ሕመማቸው የፓርኪንሰን በሽታ ነው። ጥፋቴን ልናገርና፣ በመጀመሪያው ቀን የእጃቸውን መንቀጥቀጥና አካሄዳቸውን ስመረምር አፋቸውን ከፍቼ አላየሁም። በሁለተኛው ጊዜ ባየሁ ጊዜ ግን ድዳቸው አብጦ ይደማል፤ ጥርሳቸውም ተበልቷል።

ይህን በሽታ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1817 ዓ.ም. በጽሑፍ የገለጠው ጄምስ ፓርኪንሰን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ነው። በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለውን ንጥረ ነገር የሚሠሩት ሕዋሳት እየሞቱ ሲሄዱ እንቅስቃሴ ይዘገያል፤ ጡንቻ ይገተራል፤ እጅም ይንቀጠቀጣል። በአገራችን ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በመስቃንና ማረቆ ከ60,000 በሚበልጥ ሕዝብ መካከል ቤት ለቤት ዞረው እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1990 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት፣ ከ100,000 ሰው 7 ያህሉ ይህ በሽታ እንዳለበት ገልጸዋል። እንግዲህ ነገሩ የአንጎል ሕመም እንጂ ልክፍት ወይም እርግማን አይደለም።

ለሃጭ የሚወርደው በአብዛኛው ምራቅ ስለ በዛ ሳይሆን፣ በሽተኛው ምራቁን ቶሎ ቶሎ ስለማይውጥ ነው። በሌላ በኩል፣ ለመንቀጥቀጡ ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ ትራይሄክሲፌኒዲል፣ አፍን ያደርቃሉ፤ ምራቅ ያጣ ጥርስም ቶሎ ይበላል። የተገተረ እጅ ደግሞ መፋቂያም ሆነ ብሩሽ እንደ ልብ አያንቀሳቅስም። ከሁሉ የሚከፋው፣ መዋጥ ሲያውክ የአፍ ቆሻሻ ከነተሐዋስያኑ ወደ ሳንባ ወርዶ የሳንባ ምች ማስከተሉ ነው። ከነዚህ በሽተኞች ብዙዎቹን ለሞት የሚያበቃቸው ይኸው ምች ነው። ስለዚህ የአፍ ንጽሕና ለእነርሱ የመልክ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ነው።

ጭንቀትም ሌላው ጠላት ነው። በሽተኛው ሰው ትኩር ብሎ ሲያየው እጁ ይበልጥ ይንቀጠቀጣል፤ ሲንቀጠቀጥ ያፍራል፤ ሲያፍር ከሰው ይርቃል፤ ብቻውን ሲሆንም ይተክዛል። የተከዘ ሰው ጥርሱን መጥረግ ይተዋል፤ ጥርሱን የሚያመው ሰው ደግሞ በወጉ አይበላም፤ አይተኛም። ሁለቱ እንዲህ ይመጋገባሉ።

አንዳንዶች «በእርጅና ላይ ምን ይደረጋል? መድኃኒቱን ከዋጠ ይበቃዋል» ይላሉ። እኔ ግን አልስማማም። ሌቮዶፓ እንቅስቃሴን ያቀላል እንጂ ጥርስ አይጠርግም። ቤተ ሰብ የሚከተለውን ቢያደርግ ብዙ ጉዳት ይቀራል። ጥርስ በቀን ሁለት ጊዜ፣ መድኃኒቱ በሚሠራበት ሰዓት፣ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና ይጠረግ። የብሩሹ እጀታ ለመጨበጥ እንዲመች ጨርቅ ይጠቅለልበት። በመፋቂያ የለመደ ቢሆን፣ ድዱን እንዳያቆስል ጫፉ በሚገባ የለዘበ ይሁን። ሲበላ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ። ጉርሻ የፍቅር ምልክት ቢሆንም፣ ትልቅ ጉርሻ ትን ያስብላልና አነስተኛ ይሁን፤ የፊተኛው ሳይዋጥ ሁለተኛው አይከተል። ጠበል የሚጠመቅም ቢሆን መድኃኒቱን በድንገት አያቋርጥ።

መምህራን ሆይ፣ ከእናንተ የሚጠበቀው ከዚህ አያንስም። የሽማግሌን መንቀጥቀጥ እያስመሰለ የሚሥቅ ተማሪ በሽታውን እንደሚያብስ አያውቅም፤ አስረዱት። በአዲስ አበባ ወይዘሮ ክብራ ከበደ፣ ራሳቸው ይህ በሽታ እያለባቸው፣ ለፓርኪንሰን ሕሙማን ድጋፍ የሚሰጥ ድርጅት መሥርተው ሕሙማን ከተሸሸጉበት እንዲወጡ ጥረዋል። በየከተማችን ይህን ለማድረግ ግን ድርጅት እስኪቋቋም መጠበቅ አያስፈልግም።

እኒያ አባት አሁን ሴት ልጃቸው ጠዋትና ማታ ጥርሳቸውን ትጠርግላቸዋለች። ባለፈው ወር ከማኅበራቸው ተገኝተው፣ በግማሽ ስኒ የተቀዳላቸውን ቡና ጠጥተዋል። እጃቸው ዛሬም ይንቀጠቀጣል፤ ነገር ግን ትኩር ብሎ ያያቸው ሰው አልነበረም።