ዛጎል ውስጥ የተገኘው ዘር

በትምህርት ቤትም ሆነ በመሥሪያ ቤት ወጣቱ ምሁር ዘወትር ከሚገጥሙት ጥያቄዎች አንዱ «ይኸ የምትደክምበት ትምህርት ምን ይጠቅማል?» የሚለው ነው፡፡ ጥያቄው ክፉ አይደለም፡፡ ልጁን የሚያስተምር ወላጅም ሆነ በጀት የሚፈቅድ ሹም ሊጠይቀው ይገባዋል፡፡ ነገር ግን መልሱ ዛሬውኑ ካልተገኘ ትምህርቱ ከንቱ ነው ብሎ መፍረድ ምን ያህል ችኩልነት እንደ ሆነ ለማሳየት፣ ከአገራችን ርቆ በሚገኝ ባሕር ውስጥ ስለሚበቅል አንድ አረም ጥቂት እንናገራለን፡፡ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፡፡

አረሙ ቀይ አልጌ ከሚባለው ወገን ነው፡፡ የዌልስ ሰዎች ከባሕር ዳር ድንጋይ ላይ ለቅመው፣ አሸዋውን አጥበው፣ ብዙ ሰዓት ከቀቀሉት በኋላ ከአጃ ዱቄት ጋር አድቦልቡለው ይጠብሱና በቁርስ ይበሉታል፡፡ ጃፓኖች ደግሞ የዚሁኑ የቅርብ ዘመድ ኖሪ ይሉታል፡፡ ከትፈው፣ ወረቀት እንደሚሠራ ሰው በስሱ ዘርግተው ያደርቁትና ሩዝ ይጠቀልሉበታል፡፡ ከደረቀው ኖሪ ሲሶ ያህሉ ፕሮቲን ነው፡፡ ክብሩም ጥንታዊ ነው፤ በ701 የወጣው የጃፓን የታይሆ ሕግ ኖሪን በዓይነት ለመንግሥት ከሚገቡ ግብሮች ውስጥ ቆጥሮታል፡፡ በማርና በእህል ሲገበርበት በነበረ አገር ለተወለድን ለእኛ፣ አረም ተመዝኖ ለግምጃ ቤት ሲገባ ማሰብ ፈገግ ያሰኛል፡፡

እንግዲህ ይኸን ያህል ዘመን ሲበላ፣ ሲሸጥና ሲገበር የኖረው አረም ዘሩ ከየት እንደሚመጣ የሚያውቅ አልነበረም፡፡ ዓሣ አጥማጆቹ የመከር ወራት ሲደርስ በባሕሩ ዳር የቀርከሃ ቅርንጫፍ ይተክላሉ፤ ኋላም መረብ መዘርጋት ጀመሩ፡፡ ቅጠሉ አንዳንድ ዓመት መጥቶ ይይዝላቸዋል፤ አንዳንድ ዓመትም ባዶ ቅርንጫፍ ይነቅላሉ፡፡ ሙቀቱ ሲበረታ አረሙ ፈጽሞ ይሰወርና ውኃው ሲቀዘቅዝ እንደ ገና ብቅ ይላል፡፡ በመካከሉ የት እንደሚከርም ምሥጢር ነበር፡፡ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ምርቱ ክፉኛ ሲወድቅ በዚሁ የሚተዳደረው ሕዝብ የሚዘራው ዘር እንኳ አልነበረውም፡፡

ምሥጢሩን የፈቱት ጃፓንን አይተዋት የማያውቁ እንግሊዛዊት ናቸው፡፡ ዶክተር ካትሊን ድሩ በ1901 ተወልደው በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ የዕፀዋትን ትምህርት ፈጽመው እዚያው ያስተምሩ ነበር፡፡ በ1928 አገቡ፡፡ ዩኒቨርሲቲው ደግሞ ያገባች ሴት በደመወዝ አይቀጥርም ነበርና ከመምህርነታቸው ተሰናበቱ፡፡ እሳቸው ግን በክብር ተመራማሪነት ስም ወደ ቤተ ሙከራው መመላለሳቸውን አልተዉም፤ ሁለት ልጆችም እያሳደጉ ነበር፡፡ ያጠኑት የነበረው ያንኑ ከድንጋይ ላይ የሚለቀመውን አረም ነው፡፡

ከአረሙ የሚወጣው ረቂቅ ዘር በባሕር ፍጥረት ዛጎል ላይ ሲያርፍ ዛጎሉን ሰርስሮ እንደሚገባና በውስጡ ሐምራዊ ክር ሆኖ እንደሚያድግ በማይክሮስኮፕ ተመለከቱ፡፡ እንዲህ ያለውን ክር ሊቃውንት ከ1892 ጀምሮ ኮንኮሴሊስ ብለው፣ ራሱን የቻለ ሌላ ፍጥረት ነው እያሉ ይመዘግቡት ነበር፡፡ ለካ የአንዱ አረም የበጋ መኖሪያ ኖሯል! ውኃው ሲቀዘቅዝ ክሩ ሌላ ዘር ይለቃል፤ ያም ዘር ድንጋይ ወይም መረብ ሲያገኝ ተጣብቆ ቅጠል ይሆናል፡፡ ዶክተር ድሩ ይኸን በጥቅምት ወር 1949 ኔቸር በተባለው መጽሔት ከሁለት ገጽ በማያልፍ ጽሑፍ አወጡት፡፡

እዚህ ላይ ታሪኩን የሚተርኩት ሁሉ በቶሎ ወደ መጨረሻው ይዘላሉ፡፡ ለእኛ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር ቀጥሎ የሆነው ነው፡፡ በኪዩሹ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ሶኪቺ ሴጋዋ ጽሑፉን አነበቡት፤ አንብበውም መደርደሪያ ላይ አልተዉትም፡፡ በአገራቸው አረም ላይ ፈትነው ነገሩ እውነት መሆኑን አረጋገጡ፡፡ ፉሳዎ ኦታና ሌሎች የጃፓን ባለሙያዎች ደግሞ በዛጎል ላይ ዘር አፍልቶ በመረብ ላይ የመዝራቱን ዘዴ አወጡ፡፡ ዛሬ በየብስ ላይ በተሠራ ገንዳ ውስጥ የዛጎል ድርድር ይንጠለጠላል፤ ዘሩ የያዘው መረብም ወደ ባሕር ይወሰዳል፡፡ ቻይና፣ ኮሪያና ጃፓን የሚያመርቱት የዚህ አረም ወገን በርጥቡ ሲመዘን በዓመት ከ2 ሚሊዮን ቶን በላይ ነው፡፡ ዶክተር ድሩ በ1957 ስላረፉ ይኸን አላዩም፡፡ በ1963 በኩማሞቶ አውራጃ በኡቶ ከተማ ከአሪያኬ ባሕር ትይዩ ሐውልት ቆመላቸው፤ በየዓመቱም ሚያዝያ 14 ቀን ኖሪ አምራቾች እዚያ ተሰብስበው ያስቧቸዋል፡፡

ስለዚህ ምስጋናው ለአንድ ሰው ብቻ ይሰጥ የሚለውን አንቀበልም፡፡ ያ ሁለት ገጽ የሚያነበው ባያገኝ ኖሮ ወረቀት ሆኖ ይቀር ነበር፡፡ ማንበብ ደግሞ የተመራማሪ ብቻ ሳይሆን የመንግሥት ሠራተኛም ሥራ ነው፤ ከሥራ ሰዓት የተሰረቀ ጊዜ አይደለም፡፡ ያን ሊቅ ሴት በጋብቻዋ ምክንያት ያሰናበተውን ደንብ ያወጡ ሰዎችም ሥርዓት ያስከበሩ መስሏቸው ይሆናል፡፡ እሳቸው ያለ ደመወዝ ባይጸኑ ኖሮ ያ ደንብ ምን እንዳጠፋ የሚያውቅ እንኳ አይገኝም ነበር፡፡ የሌሎች ብዙዎች ድካም እንዲሁ ቀርቷል፡፡ በየዩኒቨርሲቲያችን ቤተ ሙከራ ተማሪው ባክቴሪያ የሚያበቅልበት አጋር የተባለው ዝልግልግ ነገርም የሚሠራው ከቀይ አልጌ ነው፡፡ በ1881 ለዚህ ሥራ እንዲውል የመከሩት፣ ከወጥ ቤታቸው ያወቁት ወይዘሮ ፋኒ ሄሰ ናቸው፡፡ በማግስቱ ዓመት ሮበርት ኮኽ ስለ አጋር ሲጽፉ የእኒህን ወይዘሮ ስም አላነሡም፡፡

የኖሪውም ነገር ገና አላለቀም፡፡ በ2000 መጨረሻና በ2001 መጀመሪያ በአሪያኬ ባሕር ኖሪው ቀለሙ ነጥቶ ምርቱ ተበላሸ፡፡ ዘር አልጠፋም፤ ዲያቶም የሚባሉ ከእሱ እጅግ ያነሱ አልጌዎች በዝተው የባሕሩን ምግብ ስለ ጨረሱበት ነው፡፡ አምራቾቹ ጥፋቱን በ1997 በኢሳሃያ በተዘጋው ግድብ አሳበው መንግሥትን ከሰሱ፤ ክርክሩም ለብዙ ዓመታት በየፍርድ ቤቱ ተጓተተ፡፡ ለዚህ ክርክር ማስረጃ የሚሆነውም በጠብታ ውኃ ውስጥ ስንት ዲያቶም እንዳለ ሲቆጥር የኖረ ሰው መዝገብ ነው፤ እሱም ምን ይጠቅማል ሳይባል አልቀረም፡፡