መኪናውን ከማስገፋታችሁ በፊት

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ልጆቹ ተጣጥበው፣ ምሳው ተቋጥሮ፣ ወደ ቢሾፍቱ ልትሄዱ መኪና ውስጥ ገብታችኋል። ቁልፉን ስታዞሩ «ቀጭ» ይላል። ደግማችሁ ስታዞሩ አሁንም «ቀጭ»። ከዚያ የሰፈሩ ወጣቶች ሳይጠሩ ይሰበሰባሉ። አሮጌ መኪና ያላችሁ ይህን ትዕይንት ታውቁታላችሁ። እኛ ቤት ለሦስት ሳምንት የየዕለት ፕሮግራም ነበር።

መኪናው አባቴ ከመንግሥት ጨረታ የገዛው ላንድሮቨር ሲሪየስ 3 ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1985 የተመረተው ዓይነት፣ ባለ 2.25 ሊትር ቤንዚን ሞተር። «ለምን አትሸጠውም?» ለምትሉኝ፣ አንደኛ እናቴ አለች። ሁለተኛ፣ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ግቢ ውስጥ የቆመ አሮጌ መኪና እንደ ድሮው የሚናቅ አይደለም።

መጀመሪያ ባትሪ ገዛሁ። ለውጥ የለም። ቀጥሎ አንድ ጓደኛዬ አቋራጭ አሳየኝ፤ ኮፈኑን ከፍቶ፣ የባትሪውን ኃይል ወደ ሞተሪኖ የሚያሳልፈውን ሶሌኖይድ ሁለት ወፍራም ቡሎኖች በካቻቪቴ ማገናኘት። ብልጭ ይልና ሞተሩ ይዞራል። በጣም ወደድኩት። በማግስቱ ብቻዬን ሞከርኩት። የእጅ ፍሬኑ ስለማያስተማምን መኪናውን አንደኛ ማርሽ ውስጥ አስገብቼ እንዳቆምኩት ረስቻለሁ። ካቻቪቴውን ሳስነካው መኪናው ወደ ፊት ዘለለ። የስድስት ዓመቱ ልጄ ሥራዬን ሊያይ ከፊት መከላከያው አጠገብ ቆሞ ነበር። በመካከላቸው የቀረው አንድ ክንድ አይሞላም።

ሞተሪኖ ሾፌር መቀመጫው ላይ ይኑር አይኑር አያውቅም። ማርሽ ከገባ ቁልፉ ቢጠፋም እንኳ መኪናውን ይነዳዋል። ስለዚህ ኮፈን ከመክፈታችሁ በፊት ማርሹን ፎሌ አድርጉ፣ ጎማውን በድንጋይ አስደግፉ፣ ልጆቹን ቤት አስገቡ። ካቻቪቴውን ደግሞ ተዉት።

ያን ቀን በካቻቪቴ መነሳቱ ሌላም ነገር አሳሳተኝ። ጥፋቱ የሶሌኖይዱ መስሎኝ እሱንም ቀየርኩ። ሰኞ ጠዋት እንደገና «ቀጭ»። ባትሪና ሶሌኖይድ በከንቱ ከገዛሁ በኋላ የተማርኩትን እናንተ በነፃ ውሰዱት።

የፊት መብራቱን አብርታችሁ ቁልፉን አዙሩ። መብራቱ ጭልም ካለ መጀመሪያ ባትሪውንና ገመዶቹን ጠርጥሩ። በተለይ ከሞተሩ ወደ ሻንሲ የሚሄደውን የኔጌቲቭ ገመድ እዩት፤ ሞተሩ የተቀመጠው ጎማ ላይ ስለሆነ ያ ገመድ ከዛገ ኤሌክትሪኩ መመለሻ ያጣል። መብራቱ ሳይደክም ሞተሩ ዝም ካለ ግን ኃይሉ ሞተሪኖው ውስጥ እየገባ አይደለም። ሞተሪኖው እየጮኸ ሞተሩ ካልዞረ ደግሞ ቮላኖውን የምትነክሰው ትንሿ ጥርስ ቆሽሻ ተጣብቃለች። ቁርጡን የሚነግራችሁ የቮልት መለኪያ ነው። ሌላ ሰው ቁልፉን ሲያዞር ሞተሪኖው ላይ ስትለኩ 12 ቮልት ገደማ ደርሶ ካልዞረ ችግሩ እዚያው ውስጥ ነው። የእኛው እንደዚያ ነበር።

ሶማሌ ተራ ስትሄዱ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። እኔ ይዤ ባልሄድ ኖሮ የናፍጣውን ገዝቼ እመለስ ነበር። ጥርሱን ቆጥሩ፣ የአፍንጫውን ርዝመት አስተያዩ። ካርቶኑ ላይ «ኦሪጂናል» መባሉ አያሳምናችሁ። ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው፤ እንዲህ ያሉ ቃላት እንዴት እንደሚጻፉ አውቃለሁ።

መቀየሩ ራሱ ከምትፈሩት ይቀላል። የባትሪውን ኔጌቲቭ አስቀድማችሁ ፍቱ፤ ይህን የዘለለ ሰው ቁልፉን ብረት ላይ አቅልጦ ይማራል። ከዚያ የሞተሪኖውን ገመድ፣ ቀጥሎ ሁለቱን ማሰሪያዎች። እቃው ከባድ ስለሆነ ከሥር ሆኖ የሚደግፍ ሰው ያስፈልጋል። እኔን የደገፈኝ የባለቤቴ ወንድም ነው፣ እስከ ዛሬም ያወራዋል። አዲሱን ከማሰራችሁ በፊት የሚያርፍበትን ቦታ በብረት ብሩሽ አንጹ፤ ኔጌቲቩን የሚያገኘው በዚያ በኩል ነው። ጥርሷን ግን ግራሶ እንዳትቀቧት። የፍሪሲዮን ብናኝ ይለጥፍባትና ትጣበቃለች።

እስኪቀየር ድረስ መኪናውን ያስነሳሁት በአባቴ ማኖቬላ ነበር። ሲሪየስ 3 ከፊት ለፊቱ በእጅ የሚዞርበት ቀዳዳ አለው፣ ብረቱ ደግሞ ከወንበር ኋላ ለዓመታት ተኝቶ ኖሯል። የምትጠቀሙ ከሆነ አውራ ጣታችሁ እጀታውን እንዳይከብ፤ ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን ይሁን። ሞተሩ ወደ ኋላ ከመታ የሚሰበረው እሱ ነው።

አሮጌውን ሞተሪኖ አንድ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ከፈተልኝ። ኤሌክትሪኩን የሚያስተላልፉት ካርቦኖች አልቀው ጉርድ ሆነዋል፤ አንዳንዴ ይነካሉ፣ አንዳንዴ አይነኩም። ለአዳዲሶቹ ካርቦኖች የከፈልኩት ከባትሪው ዋጋ ጋር አይወራም። አሁን ተጠግኖ ለመጠባበቂያ ከወንበር ሥር ተቀምጧል። ልጄ ቁልፍ ሳዞር በረንዳው ላይ ሆኖ ነው የሚያየኝ። «ሞተሩ ተነሳ፣ ልምጣ?» ይላል፤ ወርጄ እጁን ይዤ አመጣዋለሁ።